የፈታሹ ቀይ ነጥብ

በኦራንጊ ሰፈር፣ በሰባተኛው መስመር፣ ከኑድራት ጋር አፍ የሚገጥም ሰው የለም። ወተት ሻጩ ሞክሮ ተዋርዷል። ልብስ ሰፊው ሞክሮ ሱቁን ዘግቶ ለምሳ ሄዷል፣ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠችው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «አስተማሪዋ ስላሰለቸችኝ ነው» ትላለች እሷ፤ «አስተማሪዋን ስላሰለቸቻት ነው» ትላለች እናቷ። ኀፍረት የሚባል ነገር በዚህች ልጅ ደጃፍ አልፎ አያውቅም ነበር፣ ያ እሁድ እስኪመጣ ድረስ።

ያ እሁድ የታላቅ እህቷ የሩማና የሰርግ ቀን የሚቆረጥበት ነበር። ቤቱ ከጎህ ጀምሮ ይታመሳል። የሚታመሰው ለጽዳት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ዋናው ጉዳይ መደበቅ ነው። ለሙሽራው ወገን የተነገራቸው «ሴቶቹ እቤታቸው ቁጭ ብለው አምባር ያስጌጣሉ» ተብሎ ነው። አምባር ማስጌጥ የጨዋ ሴት ሥራ ነው፤ ሲናገሩትም ደስ ይላል። እነሱ የሚሠሩት ግን ሌላ ነው።

ቻቻ ራፋቃት፣ የአባታቸው ታናሽ ወንድም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከቁራሌዎቹ ገበያ ማዳበሪያ ሙሉ ባትሪ ድንጋይ ያመጣላቸዋል። ከሞቱ ላፕቶፖች ሆድ የተፈለቀቀ፣ አውራ ጣት የሚያክል፣ ቻርጅ ሲደረግ ሲደረግ ዕድሜውን የጨረሰ ድንጋይ ነው። እናታቸው አሮጌውን የላስቲክ ቆዳ ትልጣለች፤ ሩማና በጨርቅ ትወለውላለች፤ ኑድራት አዲስ ቆዳ ታለብሳለች። ቆዳው እንደ ካልሲ ይጠለቅና በጸጉር ማድረቂያ ፎን ሲሞቅ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። አዲስ ቆዳ፣ አዲስ ስም፣ አዲስ ቁጥር። ትናንት ሬሳ የነበረው ዛሬ ሙሽራ ነው።

ቆዳው ሦስት ዓይነት ነው። ሰማያዊው ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ያሳብቃል፤ ደህና ደህናዎቹ እሱን ይለብሳሉ። ሐምራዊው መካከለኛ ነው። ወርቃማው ወፍራም ነው፤ ዝገት ይኑር፣ ጭረት ይኑር፣ ስርጉድ ይኑር፣ ሁሉንም ዋጥ ያደርጋል። ስለዚህ የከፋው ሁሉ ወርቅ ይለብሳል። ሱቅ ሲደርስ ደግሞ ከሁሉም የሚወደደው ወርቃማው ነው፤ አርባ አምፒር ተብሎ ተጽፎበታላ! ላዩን ወርቅ ውስጡን ለቄስ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ዘዴውን ያፈለቀችው ራሷ ኑድራት ናት። ዝገቱን መጀመሪያ በሎሚ ማሸቱንም እሷ ናት ያመጣችው። ቻቻ ያን ጊዜ ጭንቅላቷን ደባብሶ «ይህች ልጅ ወንድ ብትሆን ፋብሪካ ትከፍት ነበር» ብሏት፣ ሳምንቱን ሙሉ አፍንጫዋን ቀስራ ነበር የከረመችው።

በመስመሩ ላይ ይህንን ሥራ የሚሠሩ ሦስት ቤቶች አሉ። ቆዳው ተጣሞ የተገኘ እንደሆነ የማን እጅ እንደሆነ እንዲለይ፣ እያንዳንዱ ቤት በድንጋዩ አናት ባለችው ነጭ ቀለበት ላይ ምልክት ያኖራል። አንደኛው ቤት በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጭራል፤ ሁለተኛው በመርፌ ይበሳል፤ የእነ ኑድራት ደግሞ አንዲት ጠብታ ቀይ ኩቴክስ ነው። ብልቃጡ ተከፍቶ እንዳይደርቅ የተረፈውን ጥፍሯ ላይ ትጨርሰዋለች። ለማማር አይደለም፣ እንደ እሷ አባባል።

እሁድ ጠዋት ማዳበሪያዎቹ ከአልጋ ሥር ገቡ፤ ፎኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ከጎረቤት የተዋሱት ሁለት ትሪ አምባር ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ተቀመጠ።

«አሚ፣ አንዱን እንኳ እንዴት እንደሚያስጌጡት ቢጠይቁንስ?» አለች ኑድራት እናቷን።

«አንቺ አትመልሺ። አንቺ ሸርባት ብቻ ቅጂ።»

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። የሙሽራው እናት ራፊያ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የሙሽራው አክስት ሰርዋት፣ ከበሩ ሳትገባ የጣሪያውን ስንጥቅ የቆጠረች። ሙሽራው ሙኒብ፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ፍንጭት፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ኑድራት ይህንን ልጅ ትወደዋለች፤ እንዳይታወቅባት ግን «ፍንጭቱ ሰውዬ» ትለዋለች። አባታቸው ሻርጃ ስለሚሠራ የቤቱ ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው ማን መሰላችሁ? ያው ቻቻ ራፋቃት ነው፤ ጢሙን ሂና ቀብቶ፣ ነጭ ለብሶ።

ወሬው ገና ሳይሟሟቅ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ክንፉን ሰብስቦ ቆመ። የግንቦት ሙቀት ከግድግዳው እየወጣ እንደ እንግዳ መሐላቸው ተቀመጠ። ሁሉም ወደ ግቢው ጥላ ወጡ፤ ሙኒብም ከኪሱ በባትሪ የሚሠራ የእንፋሎት ሲጋራውን፣ ቬፑን፣ አወጣና አንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ ነጭ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ ለቀቀው።

«በል እንግዲህ፣ ባቡሩ ተነሳ» አለች ሰርዋት። «ልጄ፣ ያ ነገር ይፈነዳል ይባላል እኮ። የጎረቤታችን ልጅ ኪሱ ውስጥ ፈንድቶበት ተቃጥሏል። የት ላይ እንደተቃጠለ በሰው ፊት አልናገርም።»

ሳቅ ሆነ። ሩማና በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሙኒብ ሲጋራ የተወው በእሷ ምክንያት ነው፤ በስልክ «የሲጋራ መተርኮሻ አላገባም» ብላው ነበር። በሳምንቱ ሲጋራውን ጥሎ ወደዚህ ዞረ።

«አክስቴ፣ የሚፈነዳው ሳይመርጥ ለሚገዛ ሰው ነው» አለ ሙኒብ፣ ነቃ ብሎ። «እኔ ድንጋዩን ለመምረጥ ሦስት ቀን ነው የፈጀሁት። ከሳዳር ገበያ ያልገባሁበት ሱቅ የለም።»

«ሚስት የመረጥከው በአንድ ቀን ነው» አለች ኑድራት፣ ጣፋጩን ቀይ ሸርባት ከማሰሮ እየቀዳች።

«ሚስት ላይ ቁጥር አይጻፍማ!» ሙኒብ ሳቀና አፉን ሸፈነ። ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ ማስተማር ጀመረ። «አንደኛ፣ ርካሽ አትግዛ። ሁለተኛ፣ አምፒሩን ተመልከት፤ ቬፑ ከሚጎትተው በላይ መሸከም የሚችል ይሁን። ሦስተኛ፣ ቆዳው የተቀደደ እንደሆነ ወዲያው ጣል። አራተኛ፣ ትርፍ ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስህ አትክተት፤ ብረት ከነካው ያኔ ነው ጉዱ።»

«እውነት ነው ልጄ፣ ጥንቃቄ ጥሩ ነው» አለ ቻቻ ራፋቃት፣ ጢሙን እያሻሸ።

ኑድራት ሳቋ መጣ። ሙኒብ የሰጠው ትምህርት ሁሉ ልክ ነበር፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ሙኒብ የቬፑን ክዳን ከፈተና ድንጋዩን መዳፉ ላይ ዱብ አደረገው።

ወርቃማ ነበር።

«አርባ አምፒር» አለ። «ከሱቁ ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ግን የገዛሁት ለዚያ አይደለም። ይህችን ቀይ ነጥብ አያችኋት? ሻጩ ምን አለኝ መሰላችሁ? የፈታሹ ማኅተም ናት። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ፈታሽ አለ፤ አንድ በአንድ ይፈትሽና ያለፈውን ብቻ በቀይ ይነካዋል። ያለ ነጥቧ አትግዛ አለኝ።»

ኑድራት ክው አለች። ማሰሮውን የያዘችበት እጇ ላይ አምስት ቀይ ጥፍሮች ፊት ለፊቷ ተደርድረው ያዩዋታል። ቀስ ብላ ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጠፈች። የማን ድንጋይ እንደሆነ ብቻ አይደለም፣ የትኛው ማዳበሪያ እንደሆነም ታውቃለች፤ ጎርፍ ከገባበት መጋዘን የመጣው ነው። ሎሚ አልበቃ ብሏቸው በአሸዋ ያሹት። «ወርቅ አልብሺው፣ ወርቅ ሁሉን ይችላል» ብላ ለራሷ እየዘፈነች የጠቀለለችው።

እናቷን አየቻት። እናቷም አይታለች። ሻይ የያዘው እጇ አየር ላይ ቀርቷል። ቻቻ ራፋቃት ጉሮሮውን ጠረገና «እህ... መፈተሽ... መፈተሽ ጥሩ ነው» አለ። ላብ ሂናውን ይዞት በጢሙ ሲወርድ ነጩ ልብሱ ላይ ጠብ አለ።

ሩማና ኑድራትን በክርኗ ነክታ ወደ ማዕድ ቤት ወሰደቻት።

«ዝም ትያለሽ» አለቻት፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

«ባጂ፣ ነጥቧ የኛ ናት» አለች ኑድራት፤ ታላቅ እህቷን የምትጠራት እንዲህ ነው።

«ዓይን አለኝ።»

«ወርቁ ነው ባጂ። ወርቅ የምናለብሰው...»

«የምናለብሰውን አውቃለሁ! እኔ አይደለሁም እንዴ የምወለውለው?» ሩማና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ስሚኝ። እናቱ ቀኑን ተናግራ ጣፋጩን ላዱ ካጎረሰችኝ አለቀ። አፍ ከጣፈጠ ወዲያ ቃል ቃል ነው፤ ሰማይ ቢደፋ አይመለስም። ከዚያ ማታ በስልክ እነግረዋለሁ። ጣለው እለዋለሁ። ሰበብ አላጣም።»

«በሞተር ነው የሚሄደው። እናቱን አፈናጦ።»

«አንድ ሰዓት ነው ኑድራት! ዕድሜሽን ሙሉ አንድ ሰዓት ዝም በይልኝ አልኩሽ፤ ከበዛብሽ ንገሪኝ።»

እህቷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ቤተሰብ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄዶ ቀርቷል። ኑድራት ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ግን ጥርሷን ብትነክስም እጇን መንከስ አልቻለችም። ሙኒብ ቬፑን ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀምጦት ስታይ አንድ ሐሳብ መጣላት። ነገሩ ሳይነገር ሊያልቅ ይችላላ! ማሰሮውን ይዛ ጠጋ አለች፤ እግሯ የተደናቀፈ መሰለ፤ አንድ ማሰሮ ቀይ ሸርባት ቬፑ ላይ ግልብጥ አለ።

«ውይ!»

«ያ አላህ!» እናቷ ጮኸች፣ ክንዷንም ምዝልግ አድርጋ ቆነጠጠቻት። ይህ ቁንጥጫ የማስመሰል ይሁን የእውነት ኑድራት እስከ ዛሬ አልገባትም።

«ይህች ልጅ እግሯም እንደ አፏ ነው፤ ሥርዓት የለውም» አለች ሰርዋት።

«ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ሙኒብ እየሳቀ ቬፑን በመሐረቡ ጠረገው፤ እፍ እፍ አለበት፤ የራሰውን ድንጋይ አውጥቶ የሻዩ ትሪ ላይ አኖረ። ከዚያ ከሱሪ ኪሱ አንዲት የላስቲክ ሣጥን አወጣ። ጠንቃቃ ሰው አይደል፣ ትርፎቹን በሣጥን ነው የሚይዘው። «አራት ነው የገዛሁት» አለ። «አራቱም ነጥብ አላቸው።»

ወርቃማ። ቀይ ነጥብ። ቀጭ አድርጎ አስገባውና አንድ ሁለቴ ሳበ። ሠራ። ኑድራት ባዶ ማሰሮዋን አቅፋ ቆመች።

ራፊያ የጣፋጩን ሣጥን ፈታች። ላዱዎቹ ክብ ክብ ሆነው፣ ብጫ፣ በቅቤ ያበራሉ። ሩማና ተጠርታ ከራፊያ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሙኒብ ለወጉ ቬፑን መደበቅ ስላለበት ከሸሚዙ የደረት ኪስ ከተተውና መዳፉን ጫነበት።

«ሞቅ ይላል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ ለቻቻ። «ልቤ ላይ ስለሆነ ይሆናል።»

ቻቻ ሳቀ። ሳቁ የፍየል ሳል ይመስላል።

ሞቅ ይላል! ኑድራት የሚሞቅ ድንጋይ ታውቃለች። ባለፈው ክረምት አንዱ ፎን ሥር ሆኖ ሲያፏጭ፣ አሚ በጫማዋ መትታ ግቢ ወርውራው ፈነዳ፤ የግድግዳው ጥላሸት እስከ ዛሬ በሙኒብ ጀርባ በኩል አለ፤ አምባር ያለበት ትሪ ተደግፎበት ነው የማይታየው። ልብ ላይ ነው ያለው። ኪሱ በትክክል ልብ ላይ ነው።

ራፊያ አንድ ላዱ አነሳች። «በአላህ ስም» አለች። «የረቢዕ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን...»

ላዱው ከሩማና ከንፈር አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

«ነጥቧ የኔ ናት!»

ማን እንደተናገረ ሁሉም ዞሮ ፈለገ፤ ኑድራትም ጭምር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሲያመልጥ ግን እንዲህ ይሰማል ያላት ሰው አልነበረም። አውራ ጣቷን ዘርግታ ቆማለች። ጥፍሯ ቀይ ነው።

«ሙኒብ ባይ፣ ወንድሜ፣ አውጣው። ከኪስህ አውጣው፣ በአላህ። ፈታሽ የለም። ኩቴክስ ነው። እኔ ነኝ የቀባሁት።»

«ልጅቷ ፀሐይ መትቷታል» አለ ቻቻ ራፋቃት፣ ብድግ ብሎ።

ኑድራት አልመለሰችለትም። የሻዩ ትሪ ላይ የቀረውን የራሰ ድንጋይ አነሳችና በጥፍሯ የወርቁን ቆዳ ከአናቱ ሰንጥቃ ላጠችው። ከሥሩ ዝገቱ እንደ ቁስል ቅርፊት ብቅ አለ፤ አሸዋ የፋቀው ቦታ ጭረት በጭረት፣ ከጎኑ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር። የሎሚው ሽታ እንኳ ገና አልጠፋም።

ሙኒብ ቬፑን አውጥቶ በሁለት ጣቱ ያዘው፣ እንደ ሞተ አይጥ። ድንጋዩን አወጣ። ቁጥሩን አየ። ነጥቧን አየ። ፊቱ ቀስ ብሎ ቀላ። ኑድራት ያን ጊዜ የገባት ሌላ ነገር ነበር፤ አሁን ራሷን ብቻ አልነበረም ያዋረደችው። በእናቱ ፊት፣ በአክስቱ ፊት፣ በጣቱ እየቆጠረ ሲያስተምር የነበረውን ሰው ጭምር ነው ራቁቱን ያስቀረችው።

«እዚህ ቤት ነው የሚሠራው?» አለ።

«አዎ።»

«አምባር ነው ተብሎ አልነበረም እንዴ?» አለች ሰርዋት፣ ወደ አምባሩ ትሪ እያየች። ትሪውን ሳብ አደረገችው። ከኋላው ያለው ጥላሸት ጥቁር ዓይኑን ገልጦ ሁሉንም አያቸው።

«ታውቂ ነበር?» አለ ሙኒብ። ለኑድራት ነው።

«የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር» አለች።

«ስንት ነው? ወርቃማው። እስከ ዛሬ ስንት አለበስሽ?»

በሳምንት ሁለት ማዳበሪያ። ከባለፈው ክረምት ጀምሮ። ኑድራት ቁጥር ትችላለች፤ ከአምስተኛ ክፍል ይዛ የወጣችው እሱን ነው። ግን አልቆጠረችም። ከቆጠረችው እያንዳንዱ ቁጥር ኪስ ሊኖረው ነው፣ ኪሱ ሥር ደግሞ ልብ።

ራፊያ ላዱውን ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። ክዳኑን ግን አልገጠመችም። ተነሳች። ሙኒብ አራቱን ድንጋይ ጥግ ካለው የአሸዋ ባልዲ ውስጥ ቀበራቸው፤ ሞተሩን እየገፋ ወጣ። ሰርዋት በሩ ላይ ዞር ብላ የሆነ ነገር ልትል ነበር፤ ራፊያ ክንዷን ያዘቻት።

የጣፋጩ ሣጥን እዚያው ቀረ። ይዘውት ቢሄዱ ነገሩ ፈረሰ ማለት ነበር፤ አፍ ቢያጣፍጡበት ደግሞ ጸና ማለት ነበር። አሁን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አሚ በበርጩማ ላይ አስቀመጠችውና፣ ጉንዳን እንዳይወጣበት የበርጩማውን አራት እግር አራት ውሃ የያዘ ሳህን ውስጥ አቆመች። ማንም እንዳይነካው አለች።

ሩማና አልተሳደበችም። ብትሳደብ በተሻለ ነበር። ኑድራት ባለፈች ቁጥር ልብሷን ትሰበስባለች፣ ጭቃ እንዳይነካት እንደሚደረገው።

ሰኞ ወተት ሻጩ «ምነው ኑድራት፣ ዛሬ ውሃ ጨምረሃል አትይኝም?» አላት። እቃዋን ተቀብላ ገባች። የሰው ወተት ላይ ውሃ ተጨመረ የምትል እሷ ማናት? ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግባት ያደረው ደግሞ እውነቱን መናገሯ አልነበረም። መሐሉ ላይ የሰነቀረቻት አንዲት ውሸት ነበረች።

ማክሰኞ ቻቻ ራፋቃት ማዳበሪያውን ተሸክሞ መጣ። እሁድ ያልነበረ ይመስል ቁጭ አለና ከኪሱ ትልቅ ብልቃጥ ኩቴክስ አወጣ። ቀይ።

«ይኸውልሽ፣ አፈኛዋ» አለ። «ሱቆቹ ሁሉ ‹ነጥብ ያለውን አምጣ› እያሉኝ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሦስቱም ቤት ቀይ ነው የሚያደርገው። ሳታውቂው ገበያ ፈጠርሽ።»

ኑድራት ብልቃጡን አየችው። መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«እኔ ወርቅ አላለብስም ቻቻ።»

«አንቺ ካላለበስሽ የሚቀጥለው ቤት ያለብሳል። ድንጋዩ ራቁቱን ይቀራል ብለሽ ነው?»

«ይውሰዱት» አለች አሚ፣ ከበሩ። ለቻቻ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። «ይህንንም፣ አልጋ ሥር ያሉትንም። እኔ ጎረቤት እነ ሐሊማ ቤት ሄጃለሁ። የተዋስነውን አምባር ልመልስና፣ እውነተኛውን ሥራ ይሰጡን እንደሆን ልጠይቅ።»

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ራፊያ ብቻዋን ወረደች። ሻይ አልፈለገችም። በርጩማው ፊት ቆማ ሣጥኑን አየች፤ አንዲት ጉንዳን ውሃውን እንዴት እንደተሻገረች እግዜር ይወቅ ላዱው ላይ ትዞራለች። ከዚያ ኑድራትን ጠራቻት።

«እሁድ ሙኒብ ታውቂ ነበር ወይ ብሎሽ፣ የት እንደሚሄድ አላውቅም ብለሻል።»

ኑድራት አንገቷን ደፋች። የግቢውን ስሚንቶ ስንጥቅ አንድ በአንድ አየችው።

«ውሸት ነው» አለች። «ቻቻ ለቬፕ እንደሚሸጥ ነግሮናል። የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። የማላውቀው ሰው ኪስ ስለሆነ ነው... ግድ ያልሰጠኝ።»

ራፊያ ጉንዳኗን ከላዱው ላይ በጣቷ አነሳቻት። ኑድራት እንድትሰድባት ፈለገች፣ በጥፊ እንድትላት ፈለገች፤ ምንም አልመጣም።

«ጫማሽን አድርጊ» አለች በመጨረሻ። «ሩማና፣ አንቺም ነይ።»

ሳዳር ሲደርሱ ሙኒብ ድንጋዩን የገዛበት ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሄል ያኝካል። ከእሁድ ጀምሮ ቬፕ አልነካም፤ ሲጋራም አልነካም፤ ሄል ብቻ ያኝካል፤ ሽታው ከሩቅ ነው የሚቀበልህ። ኑድራትን አየና ዓይኑን ወደ መስታወቱ መለሰ።

«ምረጪ» አላት። «አንቺ አይደለሽ የምታውቂው። ደህናውን ምረጪልኝ።»

መስታወቱ ሥር ድንጋዮቹ በትሪ ላይ በረድፍ ተኝተዋል። ወርቅ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ። ቀይ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ። ገሚሱ የእሷ እጅ እንኳ አይደለም፤ ነጥቡ ወፍራም ነው፣ የሚቀጥለው ቤት ነው።

«ጥሩ ዓይን አላት እህታችን!» አለ ሻጩ። «የፈታሹን ነጥብ ነው የምታየው።»

ኑድራት አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አስቀመጠች፣ ከአንዷ ነጥብ አናት። ቀለሙ ቁርጥ አንድ ነው። ሻጩ ጥፍሯን አየ፤ ነጥቧን አየ፤ ጥፍሯን አየ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ሟሸሸ። ከዚያ ትሪውን ጎትቶ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው።

ጥግ ላይ አንድ ግራጫ ድንጋይ ቀርቷል፤ አቧራ የለበሰ፣ ቁጥሩ ትንሽ፣ ማንም ያልፈለገው።

«እሱ ጉራ አይነዛም» አለች ኑድራት። «ቁጥሩ በተለቀ መጠን ውሸቱም ይተልቃል። ግን...»

«ግን ምን?»

«ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም ሙኒብ ባይ። እኔ የማውቀው ሐሰተኛውን ነው። እውነተኛ በእጄ ይዤ አላውቅም።»

ሙኒብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሊስቅ ነው ወይስ ሊቆጣ ነው አልለየም። እጁን ወደ አፉ ወሰደ፤ ሄሉን ተፋው።

«እንግዲያው ሳልገዛ ልሂድ» አለ።

ወጡ። ራፊያ ባጃጅ እያየች፣ ለማንም እንደማትናገር ሆና ተናገረች። «አርብ እንመጣለን። ያንን ላዱ ጣሉት፤ አዲስ ይዘን እንመጣለን። አምባር የሚል ቃል ግን ከአፋችሁ እንዳይወጣ።»

«አሁንማ እውነት ሊሆን ነው...» ብላ ጀመረች ኑድራት፤ ሩማና በክርኗ አለቻት። ከእሁድ ወዲህ እህቷ ስትነካት የመጀመሪያዋ ነበር። ኑድራት እንባዋ መጣ፤ አቧራ እንደገባበት ሰው ዓይኗን አሸች።

ባጃጁ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ወደ ሱቁ ዞር ብላ አየች። ትሪው ተመልሶ መስታወቱ ላይ ወጥቷል። አንድ ሰውዬ፣ ሸሚዙ የደረት ኪስ ያለው፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። ሻጩ በትንሿ ጣቱ አንዲት ቀይ ነጥብ እያሳየው ያወራል።

ይህንን ሰውዬ አታውቀውም። ስሙንም ቤቱንም አታውቅም።

«ኑድራት፣ ግቢ» አለች ሩማና።

ሰባተኛው መስመር ላይ ማንንም የምታርበደብደው ልጅ እግሯን ከባጃጁ መለሰች። ፊቷ እንደ ምድጃ ነዶ፣ አውራ ጣቷን ጨብጣ፣ በሰው መሐል ተመልሳ ወደ ሱቁ ሄደች። ሰውዬው እጁን ወደ ኪሱ ልኮ ነበር።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለችው፣ ዝቅ ብላ፣ ጣቷን እየዘረጋች። «ያቺ ነጥብ የኔ ናት።»